ሐዋሳ ላይ የታመመ የውጭ ነዋሪ፦ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖራቸው የሚፈቅደው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የሐይቅ ዳር ከተሞች ስም በቤት ሻጭና ገዢ አፍ ላይ በርክቷል። ሐዋሳም ከእነዚህ አንዷ ናት። ስለ ካሬ ዋጋ፣ ስለ ሐይቁ እይታ፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚወስደው መንገድ ብዙ ይወራል። ቤቱን የገዛው ሰው ሌሊት ደረቱን ወግቶት ቢወድቅ ምን እንደሚከተል ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሲጠየቅም ሦስት መልሶች ተደጋግመው ይሰማሉ። አንዱ «ቢጫ ካርድ አለኝ፣ እንደ ዜጋ ነው የምታየው» ይላል። ሌላው «ፋይዳ አውጥቻለሁ» ይላል። ሦስተኛው «ከመጣሁበት አገር የያዝኩት መድን የትም ይሠራል» ባይ ነው። በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ፤ አንዳቸውም ግን ለሌሊቱ ሕመም በቂ አይደሉም። መድን በባሕርይው «በኋላ እከፍላለሁ» የሚል ቃል ነው። አብዛኞቹ የሐዋሳ የሕክምና ተቋማት ደግሞ የሚሠሩት «አስቀድመህ ክፈል» በሚል ልማድ ነው። የውጭ ነዋሪው ችግር የሚጀምረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜና ወረቀት ላይ ነው።

ቢጫ ካርዱና ፋይዳው ምን ይሰጣሉ?

በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ መነሻው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ባለካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይቀጠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል። ከሕክምና ጋር የሚያያዘው የአዋጁ ክፍል ሌላ ነው፦ በኢኮኖሚ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደር አገልግሎት አጠቃቀም ረገድ በውጭ ዜጎች ላይ የተጣለ ገደብ ባለካርዱን አይነካውም። ስለዚህ በመንግሥት ሆስፒታል እንደ ባዕድ ልታይ አይገባም ብሎ የሚከራከር ከውጭ ተመላሽ ክርክሩ ጥሩ መሠረት አለው።

ይሁን እንጂ ገደብ መነሣቱ ሒሳብ ተከፈለ ማለት አይደለም። ዜጋውም ቢሆን መድን ከሌለው ካርድ አውጥቶ፣ ላቦራቶሪ ከፍሎ፣ መድኃኒት ገዝቶ ነው የሚታከመው። ቢጫ ካርዱ ባለቤቱን ከዚያው ሰልፍ ላይ ያቆመዋል እንጂ ከሰልፉ አያወጣውም።

ፋይዳ ጋ ሲመጣ ግራ መጋባቱ የባሰ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሚናገረው ስለ ነዋሪ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ አገር ሰውም መመዝገብ ይችላል። ባንኮች ፋይዳ መጠየቅ ከጀመሩ ወዲህ ቁጥሩ የሁሉ ነገር ቁልፍ ሆኖ ይታያል። በሆስፒታል መስኮት ላይ ግን ቁጥሩ የታካሚውን ማንነት ከማረጋገጥ አልፎ የሚያደርገው ነገር የለም። የዜግነት ማስረጃ አይደለም፤ የመድን አባልነት ደግሞ ጭራሽ አይደለም።

የማኅበረሰብ አቀፉ መድን በር

«ታዲያ ለምን እንደ ጎረቤቴ የጤና መድን አልገባም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ሲዳማ ያኔ የደቡብ ክልል አካል ነበር። የታሰበው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው፦ ለገበሬው፣ ለጉሊት ነጋዴዋ፣ ለእጅ ባለሙያው። አባል የሚሆነው ቤተሰቡ ነው፤ ምዝገባው በቀበሌ በኩል ያልፋል፤ መክፈል የማይችለውን ድሃ መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። ምዝገባና እድሳት በዓመት የተወሰነ ወቅት አላቸው። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ሆስፒታል ለመድረስ ሪፈር ያስፈልጋል።

ለደመወዝተኛው የታሰበው ሌላ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሠራተኛውም አሠሪውም መዋጮ የሚያደርጉበትን ሥርዓት ዘረጋ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ከእያንዳንዳቸው የደመወዙን 3 በመቶ አሰበ። ከሠራተኞች በተነሣ ተቃውሞና በዝግጅት ማነስ አፈጻጸሙ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላ ሲገፋ ቆየ። ከተመላሾች ብዙዎቹ ይህን መድን ቀድሞውኑ በሥራ ላይ ያለ አድርገው ነው የሚያወሩት። ደንቡ የማይሸፍናቸውን ነገሮች ማየትም ይጠቅማል፦ ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ ድንገተኛ የኩላሊት መድከም ካልሆነ በቀር ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት)፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ስድሳና ሰባ ዓመቱን ይዞ የሚመለስ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው።

ተመላሾች ወደ ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ይግቡ በሚሉና አይግቡ በሚሉ መካከል ባለው ክርክር ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። ይግቡ የሚሉት በከተማዋ እየኖሩ፣ ቤት ሠርተው፣ ሰው ቀጥረው፣ እድር ገብተው ከመድኑ ብቻ መቅረታቸው ትርጉም የለውም ይላሉ። (እድሩም ቢሆን በዋናነት የሚደርሰው ለቀብር ነው።) አይግቡ የሚሉት የሚያነሡት ባለሙያዎች አሉታዊ ምርጫ የሚሉትን ነው፦ ሰው ጤነኛ ሳለ ርቆ፣ ሲታመም ብቻ ሲመዘገብ የመዋጮው ቋት ይደርቃል። ስኳርና ደም ግፊት ይዞ የመጣ፣ ዶላር የሚቀበል ጡረተኛ፣ ለጉሊት ነጋዴ ተብሎ በተተመነ መዋጮ ቢገባ ከድሃው ቋት መጠጣት ይሆናል።

የሁለተኛው ወገን ስጋት ከበድ ይላል። መፍትሔው ግን በሩን መዝጋት ሊሆን አይገባም፤ ለእነዚህ ሰዎች ሙሉ ወጪን የሚያንጸባርቅ የተለየ መዋጮና ከምዝገባ በኋላ የሚጠበቅ ጊዜ ያለው መደብ ማበጀት ይቻላል። እንዲህ ያለ መደብ እስኪኖር ድረስ የቀበሌ ሠራተኛን በቢጫ ካርድ ማስጨነቅ ለማንም አይበጅም።

አሠሪ ያለው ሰው የተሻለ ነው፤ ግን እስከ የት?

ሐዋሳ ውስጥ ያሉት የውጭ ነዋሪዎች በቢጫ ካርድ የመጡ ብቻ አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከህንድ፣ ከስሪላንካ፣ ከቻይና የመጡ ተቆጣጣሪዎችንና ቴክኒሻኖችን አምጥቷል። በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩ፣ በግብረ ሰናይ ድርጅት የሚሠሩም አሉ። እነዚህ አሠሪ አላቸው፤ አሠሪ ያለው ሰው በአብዛኛው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጥላ ሥር ነው።

አዋጁ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሕክምናን፣ የሆስፒታልንና የመድኃኒትን ወጪ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ከሥራ ጋር ላልተያያዘ ሕመም የሚሰጠው ግን ፈቃድ ነው፦ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። የሕክምናው ሒሳብ እዚህ ውስጥ የለም።

ልዩነቱ ሐዋሳ ላይ በተለይ የሚታየው በወባ ነው። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ ወባ የማይደርስበት ከፍታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 የፈረንጆች ዓመት እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት መመዝገቡን አስታውቋል። ከኮሎምቦ የመጣ ተቆጣጣሪ በፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ላይ ሳለ በወባ ቢያዝ ብዙ ሰው ከሥራ የመጣ በሽታ ነው ይላል። ሕጉ አይልም። በአካባቢው የሚዘወተር ወረርሽኝ ወይም ተላላፊ በሽታ፣ ሥራው ያንኑ በሽታ መከላከል ለሆነ ሰው ካልሆነ በቀር፣ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ተቆጣጣሪው የሚድነው አሠሪው ከሕጉ በላይ በገዛለት የቡድን የሕክምና መድን ነው።

ይህ የቡድን መድን የአገር ውስጥ ኩባንያዎች የሚሸጡት ነው። በብር የተተመነ ዓመታዊ ጣሪያ አለው፣ ውል ያላቸው ተቋማት ዝርዝር አለው። ሠራተኛው የድርጅቱን ደብዳቤ ይዞ በክሬዲት ይታከማል፤ ሆስፒታሉ ሒሳቡን በኋላ ይልካል። ለታካሚ ከዚህ የሚመች አሠራር የለም። ግን ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፦ ከዝርዝሩ ውስጥ ስንቱ ተቋም ሐዋሳ ነው፣ ጣሪያውስ መቼ የተተመነ ነው።

አንድ የብር ለውጥ፣ ሁለት ተቃራኒ ውጤት

የሁለተኛው ጥያቄ ምክንያት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተደረገው የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ የመድኃኒት፣ የመሣሪያ መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ነውና የግል ሕክምና ዋጋ ተከትሎ ወጣ። በብር ጣሪያ የተገዛ መድን ሳይነካ ተቀምጦ ሳለ የሚገዛው ሕክምና አነሰ።

በዶላር ወይም በዩሮ መድን የገዛው ሰው የገጠመው ተቃራኒው ነው። ዓለም አቀፍ ፖሊሲዎች አብዛኛውን ጊዜ ተቀናሽ አላቸው፤ መድን ሰጪው መክፈል ከመጀመሩ በፊት ባለመድኑ ራሱ የሚሸፍነው መጠን ማለት ነው። ተቀናሹ 1,000 ዶላር ነው እንበል። የወባ ሕክምና፣ አልትራሳውንድ፣ ሁለት ሦስት ቀን አልጋ ይዞ መታከም፣ ሁሉም ተደምሮ ሐዋሳ ውስጥ እዚያ መጠን ላይ የመድረሱ ዕድል ትንሽ ነው። ሰውየው በየዓመቱ ዓረቦን (የመድን ክፍያ) እየከፈለ ከመድኑ አንዲት ሳንቲም ሳያይ ሊኖር ይችላል። ይህ መታለል አይደለም፤ የገዛው ለትልቁ አደጋ ነው። ለትንሹ ሕመም ብር በእጁ መኖር እንዳለበት ግን ሻጩ አይነግረውም።

ከመጣበት አገር ያለው ሽፋን

ከአሜሪካ በጡረታ የሚመለሱት የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ክፍያቸውን ኢትዮጵያ ሆነው መቀበል ይችላሉ። በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። እዚህ ላይ የሚያስጨንቅ ምርጫ ይመጣል፦ የማይጠቀሙበትን የፓርት ቢ (የሜዲኬር የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና ክፍል) ወርሃዊ ክፍያ መቀጠል ወይስ ማቋረጥ? ያቋረጠ ሰው ኋላ ተመልሶ ሲገባ ሳይመዘገብ ለቆየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት የ10 በመቶ ጭማሪ ይጠብቀዋል፤ ጭማሪውም ዘላቂ ነው። ለልብ ቀዶ ሕክምና ወይም ለካንሰር ተመልሼ እሄዳለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ቢቀጥል ይሻለዋል።

የእንግሊዝ ነጻ ሕክምና ከፓስፖርት ጋር ሳይሆን ከነዋሪነት ጋር የተያያዘ ነው፤ ጠቅልሎ የወጣ ሰው መብቱ አብሮት አይዞርም። የካናዳዋ ኦንታሪዮ ሽፋን ደግሞ በየትኛውም 12 ወር ውስጥ 153 ቀን በግዛቲቱ መገኘትን ይጠይቃል። የካናዳን ክረምት ሐዋሳ፣ የካናዳን በጋ ቶሮንቶ የሚኖር ሰው ቀን መቁጠር አለበት።

ከመስኮቱ እስከ ካሳው

ነገሩ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚበላሽ በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊት፣ ዓለም አቀፍ መድን ያላት፣ በከባድ የሆድ ሕመም ሆስፒታል ገባች እንበል። ድንገተኛ ክፍል ትታያለች፤ አልጋ ለመያዝ ማስያዣ ወይም በተለምዶ ዲፖዚት የሚባለው ይጠየቃል። የመድን ካርዷን ብታሳይ ካሸሩ ኩባንያውን አያውቀውም፤ ውልም የለም። ዘመድ ገንዘቡን በሞባይል ያስተላልፋል። ድና ትወጣለች። ከዚያ ሰነዶቿን ሰብስባ ካሳ ትጠይቃለች።

የሐኪሙ ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ላይ ችግር የለም። በእጅ የተጻፈው ደረሰኝ ግን በአማርኛ ነው፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር። ኅዳር 12 ቀን 2018 የታከመች ሴት ደረሰኝ 12/3/2018 ይላል። በጎርጎርዮሳዊው ዕለቱ ኖቬምበር 21 ቀን 2025 ነው። ለንደን ወይም ዱባይ ተቀምጦ ፋይሉን የሚመረምረው ሰው የሚያነበው ግን ፖሊሲው ከመገዛቱ ከዓመታት በፊት የተደረገ ሕክምና ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ያንኑ ወረቀት ሕመሙ ቀድሞ የነበረ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ ሊይዘው መቻሉ ነው፤ ቀድሞ የነበረ ሕመምን የማይሸፍኑ ፖሊሲዎች ብዙ ናቸው። የካሽ ሬጂስተር ደረሰኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ቀን ይታተማል። የአንድ ቀን ሕክምና በሰባት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ቀኖች ይዞ ይሄዳል።

ስሙም አለ። ካርድ ክፍል የሚመዘግበው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ፓስፖርቷ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተቀመጠው የባሏ ወይም የአያቷ ስም ሊሆን ይችላል። ካርዱ ላይ ያለችው ሴትና ባለመድኗ አንድ ሰው መሆኗን መርማሪው በምን ያውቃል?

ይህ ሁሉ የሚስተካከል ነው፤ ግን የሚስተካከለው ከሆስፒታሉ ሳይወጡ ነው። ካርድ ሲወጣ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ማስተያየት፣ ደረሰኝና የሕክምና ማጠቃለያ ላይ ሁለቱንም ቀን ማስጻፍ፣ ማኅተሙ በግልጽ ማረፉን ማየት። አልጋ ከመያዙ በፊት ወይም ወዲያው ለመድን ሰጪው መደወልም ግድ ነው፤ ብዙ ፖሊሲዎች ለተኝቶ ሕክምና ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ከወር በኋላ ተመልሶ ደረሰኝ ማስተካከል ግን ከሕመሙ ያላነሰ ያደክማል።

የመኪና አደጋ ከዚህ ልማድ በከፊል የወጣ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጠ። ባጃጅ የገጨው ቱሪስትም ሰው ነውና ይካተታል። ሆኖም 2,000 ብር በ2005 ዓ.ም. የነበረው አቅም ዛሬ የለውም።

አስታማሚና ሪፈር

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በከተማው አጠራር «ሪፈራል»፣ ከሲዳማ ብቻ ሳይሆን ከደቡቡ ክልሎችና ከአጎራባች የኦሮሚያ አካባቢዎች ታካሚ የሚላክበት ነው። አዳሬ አጠቃላይ ሆስፒታልና በርከት ያሉ የግል ተቋማትም አሉ። የሐኪም እጦት የሌላት ከተማ ናት ማለት ባይቻልም፣ በአገሪቱ መለኪያ ሐዋሳ ከተሻሉት ትመደባለች።

የውጭ ነዋሪው ሳያስበው የሚጎድልበት ሌላ ነገር ነው፦ አስታማሚ። እዚህ አገር ታካሚ ብቻውን አይተኛም። በፋርማሲው ያልተገኘውን መድኃኒት ማዘዣ ይዞ ውጭ የሚፈልግ፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጥ፣ ደም ሲያስፈልግ ሰው የሚያሰባስብ፣ ምግብ የሚያመጣ፣ ሌሊት ነርስ የሚጠራ ሰው ሥርዓቱ ራሱ ይጠብቃል። የሆስፒታሉ አሠራር ግማሹ በአስታማሚ ጉልበት ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለብቻዋ የምትኖር ጡረተኛ አምስት ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን ፖሊሲ ቢኖራትም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማዘዣውን ይዞ የሚወጣላት የለም። ይህን ከጎረቤት ጋር ያለ መልካም ግንኙነት ወይም ለዚሁ የተቀጠረ ሰው ካልሞላው መድን አይሞላውም።

ሕክምናው ከሐዋሳ አቅም ሲያልፍ ታካሚው ወደ አዲስ አበባ ይላካል። በሻሸመኔ፣ በባቱ፣ በሞጆ አቋርጦ በአምቡላንስ መሄድ ሰዓታት ይወስዳል፤ ኦክስጅንና አብሮ የሚሄድ ባለሙያ መኖሩ ከመነሣት በፊት መረጋገጥ አለበት። ከአገር መውጣት ካስፈለገም መቀመጫውን ናይሮቢ ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ያደረገው የአምሬፍ የበረራ ሐኪሞች አገልግሎት በምሥራቅ አፍሪካ ለረጅም ዘመን ይታወቃል። እንዲህ ያሉ በረራዎች የሚነሡት ግን የክፍያ ዋስትና ሲገኝ ነው። ዋስትናውን የሚሰጠው መድን ሰጪው ነው፤ መድን ሰጪው ደግሞ «በአቅራቢያ በቂ ተቋም አለ» ካለ አዲስ አበባን ሊያመለክት ይችላል። ፖሊሲው ላይ ስለ ሕክምና ማጓጓዝ የተጻፈውን አንቀጽ፣ በተለይም «በአቅራቢያ ያለ ተስማሚ ተቋም» የሚለውን ሐረግ፣ ቤት ከመግዛት በፊት ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መንግሥት መድንን ግዴታ ያድርግ?

ከሐዋሳ ወደ አውሮፓ ለመሄድ የሼንገን ቪዛ የሚያመለክት ወጣት ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ገዝቶ ወረቀቱን ማያያዝ አለበት። በተቃራኒው አቅጣጫ ለቱሪስት ኢ-ቪዛ የሚያመለክተው የመድን ወረቀት አይጠየቅም። አንዳንዶች ይህ ይስተካከል፣ በተለይ ቤት ገዝቶ ለሚቀመጥ የውጭ ዜጋ መድን የመኖሪያ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ይሁን ይላሉ። ያልተከፈለ ሒሳብ በመንግሥት ሆስፒታል ላይ እንዳይወድቅ ያግዛል፤ ለአገር ውስጥ ኩባንያዎችም አዲስ ገበያ ይሆናል። ሌሎች ቱሪስትንና ባለሀብትን የሚያርቅ ተጨማሪ ወረቀት ነው ብለው ይቃወማሉ።

ግዴታው ቢመጣም የሚገዛው መድን ዓይነት ይወስነዋል። በኋላ የሚያስመልስ ፖሊሲ ማያያዝ ለቪዛ ክፍሉ ይበቃል፤ ለሐዋሳ ካሸር አይበቃም። የሚፈለገው ከሐዋሳ ተቋማት ጋር የክሬዲት ውል ያለው ሽፋን ነው። እሱ እንዲኖር ደግሞ መድን ሰጪዎች ከሆስፒታሎቹ ጋር ተቀምጠው ዋጋ መነጋገር፣ ሆስፒታሎቹም ሒሳባቸው በወቅቱ እንደሚከፈላቸው ማመን አለባቸው። ሒሳብ ለወራት የሚቆይባቸው ተቋማት ደብዳቤ የያዘ ታካሚን ትተው ጥሬ ገንዘብ የያዘውን ቢመርጡ አይገርምም።